በኩልፎ ዳር የሚያርፉት የዐሥር ግራም መንገደኞች

ብዙ ጊዜ ሳያዩት የቆዩት ወዳጅዎ በድንገት ሲመጣ «ምነው እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ትላለህ?» ማለትዎ አይቀርም። ይሁን እንጂ አንባቢ ሆይ፤ በመስቀል ሰሞን ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ላባ ለብሳ በአደዩ መካከል የምትታየው ወፍ አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ አገር የመጣች እንግዳ አይደለችም። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ከአጠገባችን ነበረች። በክረምቱ ዝናም የመራቢያው ወራት ሲደርስ ወንዱ አቧራ የመሰለውን የዘወትር ላባውን ጥሎ የክት ልብሱን ስለሚለብስ ነው ዐዲስ መጤ የሚመስለን።

እውነተኞቹ የመስቀል ሰሞን እንግዶች ሌሎች ናቸው፤ እነርሱን ግን ልብ የሚላቸው ሰው ጥቂት ነው። መልካቸው የደረቀ ሣር ወይም ያልበሰለ ሎሚ ስለሚመስል ዐይን አይስብም። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከሚመዝነው አይበልጡም። በሌሊት ይገባሉ፤ ቀን ቀን በቁጥቋጦ ውስጥ ሲለቃቅሙ ይውላሉ፤ ከዚያም አንድ ምሽት ማንንም ሳይሰናበቱ ይሄዳሉ። አመጣጣቸው ከፖላንድ፤ ከፊንላንድ፤ ከሩሲያ፤ አንዳንዶቹም ከሳይቤሪያ ነው። እነዚህ ትናንሽ መንገደኞች በጉዟቸው ላይ እንዴት እንደሚያርፉና ስንቃቸውን እንዴት እንደሚሞሉ፤ በአርባ ምንጭ ከተማ አጠገብ የሚወርደው የኩልፎ ወንዝም ለእነርሱ ምን እንደሆነ በዚህ ጽሑፍ እናወጋዎታለን።

የእነርሱ ቅጠል መርገፊያ፤ የእኛ አደይ

በሰሜኑ የዓለም ክፍል ከነሐሴ ወር ጀምሮ ቀኑ እያጠረ ይሄዳል። ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ቀጥሎም ይረግፋል፤ በቅጠሉ ላይ ይኖር የነበረው ትልና ትንኝም አብሮት ይጠፋል። ምግባቸው ትልና ትንኝ የሆነ ትናንሽ ዘማሪ ወፎች ከዚያ በኋላ በዚያ አገር መቆየት አይችሉም። ከብርዱ ይልቅ የሚያባርራቸው ረኀቡ ነው። ስለዚህ ወደ ደቡብ ፊታቸውን ያዞራሉ።

በዚያው ጊዜ በእኛ አገር ክረምቱ ይወጣል፤ ምድሩም አደይ ይለብሳል። አውሮፓ በልግ ሲያረግፍ ኢትዮጵያ ዐዲስ ዓመቷን ትቀበላለች። በጋሞ ምድር ደግሞ ከበዓላት ሁሉ የሚበልጠው መስቀል ይደርሳል። የጋሞ ልጅ በሥራ ምክንያት የትም አገር ቢሰነብት ለመስቀል ወደ ቤቱ ለመግባት ይጥራል፤ በመንገዱ ላይም በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎሜትሮች አቋርጠው የመጡ እንግዶች በራሱ ላይ በጨለማ ያልፋሉ።

ሌላም ነገር አለ። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ዋናው ዝናም ሐምሌና ነሐሴ ሲሆን፤ አርባ ምንጭና አካባቢዋ በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናም ያገኛሉ። አንደኛው በሚያዝያና በግንቦት ይበረታል፤ ሁለተኛው በመስከረምና በጥቅምት ይመጣል። እንግዲህ ሰሜኑ መድረቅ ሲጀምር በኩልፎ ዳር ዐዲስ ቅጠል ይፈነዳል፤ ትንኙም ይበዛል። ዝናሙን እየተከተለ ለሚሄድ መንገደኛ ከዚህ የተሻለ ቀጠሮ አይገኝም።

ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ በየዓመቱ የሚወርዱት ትናንሽ ወፎች ሁለት ቢሊዮን ያህል እንደሚሆኑ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ ጥናት ገምቷል። ከምሥራቅ አውሮፓና ከሩሲያ የሚነሡት ብዙዎቹ በቱርክና በመካከለኛው ምሥራቅ፤ አንዳንዶቹም በዐረብ ምድር በኩል አልፈው ቀይ ባሕርን ይሻገራሉ። ከቀይ ባሕር ጠረፍ እስከ አርባ ምንጭ በቀጥታ ቢለካ ወደ 1,000 ኪሎሜትር ይሆናል። በዚህ መካከል የስምጥ ሸለቆ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ እንደ ጎዳና ተዘርግቷል። በጎዳናውም ላይ ዝዋይ፤ ላንጋኖ፤ አቢጃታ፤ ሻላ፤ ሐዋሳ፤ አባያና ጫሞ እንደ መናኸሪያ በተራ ተቀምጠዋል።

የመንገደኞቹን ጽናት ለመገመት አንዲቱን ብቻ እንመልከት። እንግሊዞች ዊሎው ዋርብለር የሚሏት ሆዷ ነጣ ያለ፤ ጀርባዋ አረንጓዴ የሚመስል ወፍ ናት። ክብደቷ ዐሥር ግራም ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት እንዳስረዳው፤ ከሩሲያ ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትነሣው የዚህች ወፍ ዘር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለመድረስ ወደ 13,000 ኪሎሜትር ትጓዛለች። ይህም አንድ ጊዜ ለመሄድ ብቻ ነው፤ መመለሻው ሌላ ነው።

ጉዞው የሚሠራው በምድር ላይ ነው

ይህን ሲሰሙ በሐሳብዎ የሚመጣው ሌት ተቀን ክንፏን እያማታች የምትበር ወፍ ትሆናለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ አውቶቡስ አብዛኛውን ጊዜውን በመንገድ ላይ ሲያሳልፍ፤ ወፊቱ አብዛኛውን ጊዜዋን የምታሳልፈው በመናኸሪያው ነው። ሊቃውንት ባሰሉት መሠረት አንዲት ትንሽ ወፍ ለአንድ ቀን በረራ ሰባት ቀን ያህል በምድር ላይ ስንቅ በመሰብሰብና በማረፍ ልታሳልፍ ትችላለች።

ወጪውም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ አገር ተመራማሪዎች በሌሊት የሚጓዙ ዘማሪ ወፎችን በራዲዮ ምልክት ተከታትለው ጉልበታቸውን ምን ላይ እንደሚያውሉት መርምረው ነበር። በጉዞው ወራት ካወጡት ኀይል ለበረራው የዋለው 29 ከመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረው ሁሉ የወጣው በማረፊያዎቹ ነው፤ ሰውነትን ለማሞቅ፤ ምግብ ለመፈለግና ከጠላት ለመሸሽ።

እንግዲህ ስለ ወፎች ጉዞ ስናስብ ወደ ሰማይ ብቻ ማንጋጠጣችን ልክ አይደለም። የጉዞው መቃናት የሚወሰነው በሾላው ሥር፤ በግራሩ ቅርንጫፍና በወንዙ ዳር ባለው ጥሻ ውስጥ ነው።

ስንቁ ስብ ነው

አባቶቻችን ሩቅ መንገድ ሲነሡ በሶ፤ ዳቦ ቆሎና ቋንጣ ይዘው ነበር። የምክንያቱ ፍሬ ነገር ስንቁ ቀላል፤ ኀይሉ ግን ብዙ መሆኑ ነው። የዛሬው የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ለመስክ ሥራ ሲላክ የውሎ አበል ይቀበላል። ወፊቱ አገልግልም ሆነ አበል የላትም፤ ስንቋን በቆዳዋ ሥርና በሆዷ ውስጥ ስብ አድርጋ ትሸከመዋለች።

ስብን የመረጠችበት ምክንያት ግልጽ ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኀይል ሲሰጥ፤ አንድ ግራም ስኳር ወይም ሥጋ ሠሪ ምግብ ግን 4 ያህል ብቻ ይሰጣል። በዚህም ላይ ስኳርና ሥጋ በሰውነት ውስጥ ሲቀመጡ ብዙ ውሃ ይዘው ነው፤ ስብ ግን ደርቆ ይቀመጣል። ስቡ ሲቃጠል ደግሞ ራሱ ውሃ ስለሚወጣው በበረሃ ላይ ለሚበር ፍጥረት መጠጥም ይሆናል ማለት ነው።

የጉዞው ወራት ሲቃረብ የወፊቱ ጠባይ ይለወጣል። የምግብ ፍላጎቷ ከልክ ያልፋል፤ ከንጋት እስከ ምሽት ትበላለች። ትል ብቻ ትበላ የነበረችው ፍሬም መልቀም ትጀምራለች፤ ፍሬ ሳይሸሽ ስለሚቆይ ቶሎ ያወፍራልና። ጋርደን ዋርብለር የምትባለው ወፍ በደኅናው ጊዜ 18 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ የሰሐራን በረሃ ልታቋርጥ ስትነሣ ግን ከ30 ግራም በላይ ልትሆን ትችላለች። በጥሩ ማረፊያ አንዲት ትንሽ ወፍ በአንድ ቀን ውስጥ ከክብደቷ 5 ከመቶ ያህል ልትጨምር ትችላለች። ይህን ወደ እኛ ብናመጣው፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ ዛሬ ጠዋት ቁርስ በልቶ ነገ ጠዋት 63 ኪሎ ሆኖ እንደ መነሣት ነው።

በበረራ ላይ በየሰዓቱ ከክብደቷ 1 ከመቶ ገደማ ታቃጥላለች። በዚህ ሒሳብ ስንቋ የሞላ ወፍ ብዙ ሰዓት ትሄዳለች፤ ስንቋ የጎደለ ግን በረሃው መካከል ትቀራለች። ሒሳቡ ምሕረት አያውቅም።

አሁን ደግሞ የበለጠ የሚያስደንቀውን ይመልከቱ። ጨጓራና አንጀት ከባድ ዕቃ ናቸው። ወፊቱ በረጅም በረራ ላይ ሳለች ስለማትበላ እነዚህ የምግብ ማድቀቂያ ክፍሎቿ እየከሱ ይሄዳሉ፤ ጥቂቱም ለኀይል ይውላል። ሸክም ይቀልላታል ማለት ነው። ነገር ግን ስትወርድ ጣጣው ይመጣል። ርቧት፤ ምግብም ከፊቷ ቀርቦላት እንኳ እንዳሻት መብላት አትችልም። በመጀመሪያው አንድ ወይም ሁለት ቀን የከሳው አንጀቷ እስኪጠገን ድረስ ጥቂት ጥቂት ትቀምሳለች፤ ክብደቷም እምብዛም አይጨምርም። መወፈር የምትጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ነገር በልብዎ ያኑሩት። አንዲት ወፍ ባረፈችበት በመጀመሪያው ቀን ብትባረር፤ ቀጥሎ ባረፈችበትም እንዲሁ ብትባረር፤ አንጀቷን ሳትጠግን፤ ስንቋንም ሳትሞላ የመጨረሻ ጥሪቷን ትጨርሳለች።

የመንገደኛ እንቅልፍ

አብዛኞቹ ትናንሽ ዘማሪ ወፎች የሚበሩት በሌሊት ነው። ፀሐይ ከገባች በኋላ ይነሣሉ፤ ሌሊቱን ይጓዛሉ፤ ጎሕ ሲቀድ ወይም ከዚያ ቀደም ብለው ይወርዳሉ። ምክንያቱ ብዙ ነው። ሌሊት አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ነፋሱም ይረጋል፤ ጭልፊትና መሰሎቹ ይተኛሉ፤ ከዋክብትም መንገድ ይመራሉ። ከሁሉም በላይ ቀኑ ለምግብ ነፃ ይሆናል።

ታዲያ ሌሊት የሚበር፤ ቀን የሚበላ ፍጥረት መቼ ይተኛል? ይህን ጥያቄ ብዙ ሊቃውንት መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፤ ዋይት ክራውንድ ስፓሮው የሚባል የድንቢጥ ዘመድ በጉዞው ወራት እንቅልፉን ከሌላው ጊዜ በሁለት ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል። ሌሎች ወፎችም ቀን ላይ ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ የሚቆይ ሸለብታ ደጋግመው እየወሰዱ፤ አንዳንዴም አንድ ዐይናቸውን ብቻ ጨፍነው ድካማቸውን ያቃልላሉ።

ከዚህ ይበልጥ የሚነካው ግን በኢጣልያ አገር ፖንዛ በምትባል ደሴት ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2019 የታወቀው ምርመራ ነው። በዚያች ደሴት የባሕሩን መንገድ ጨርሰው የሚያርፉ ጋርደን ዋርብለሮች ሌሊት ሲተኙ ታይተው ነበር። ስባቸው ያላለቀው ወፎች ራሳቸውን ወደ ፊት አቅንተው፤ ጠላት ቢመጣ ለመሸሽ እንደ ተዘጋጁ ያንቀላፋሉ። የከሱት ግን ራሳቸውን ወደ ኋላ አዙረው በላባቸው ውስጥ ይቀብራሉ። በዚህ ዐይነት የተኛች ወፍ ሙቀቷ አይባክንም፤ ኀይሏም ይቆጠባል። ነገር ግን ኮሽታ ቶሎ አትሰማም። ስለዚህ የከሳች ወፍ ከሁለት ክፉ ነገሮች አንዱን መምረጥ አለባት፤ በብርድ ጥሪቷን መጨረስ ወይም ለድመትና ለጉጉት ተጋልጦ መተኛት። ለእንዲህ ያለች ወፍ እሾኻማ ጥሻ ማለት የተዘጋ በር ማለት ነው።

በበረሃም ቢሆን ሥርዐቱ ይኸው ነው። በግብፅ በረሃ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው፤ ስንቃቸው የሞላ ወፎች ቀኑን በድንጋይ ጥላ ሥር ጸጥ ብለው ያሳልፉና ሲመሽ ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። የከሱት ግን ውሃና ዛፍ ያለበትን ስፍራ ፈልገው እስኪጠግቡ ድረስ ብዙ ቀን ይሰነብታሉ። እንግዲህ ለአንዱ ዕረፍት ብቻ ይበቃዋል፤ ለሌላው ግን ማዕድ ያስፈልገዋል። ሁለቱንም አንድ ላይ የሚሰጥ ማረፊያ ከሁሉ ይበልጣል።

ኩልፎ የሚሰጠው ማዕድ

አሁን ወደ ኩልፎ እንመለስ። ይህ ወንዝ ከጋሞ ደጋ፤ ከጉጌ ተራሮች በኩል ተነሥቶ እየተንደረደረ ይወርዳል። በአርባ ምንጭ ከተማ በኩል ያልፋል፤ ከዚያም በደኑ ውስጥ ተጠማዝዞ ወደ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። በስተ ግራና በስተ ቀኝ ያሉትን ሁለት ሐይቆች የሚለየው ኮረብታማ መሬት የእግዜር ድልድይ ይባላል። ከድልድዩ ሰሜን ውሃው ቀላ ያለው አባያ ይታያል፤ ከደቡቡ ጫሞ። በዙሪያው ያለው 514 ካሬ ኪሎሜትር የሚሆን ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1974 የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከልሏል።

የከተማይቱ ስም አርባ ምንጭ የተባለው ከገደሉ ሥር ከሚፈልቁት ብዙ ምንጮች የተነሣ ነው። ቆላ ውስጥ እንዲህ ያለ ረጅምና ጥቅጥቅ ያለ ደን የበቀለው በዝናሙ ብቻ አይደለም። ከምድር በታች ያለው ውሃ ለዛፎቹ ሥር ቅርብ ስለሆነ ሌላው ቆላ ሲጠወልግ ይህ ደን ለምለም ሆኖ ይቆያል። የሰሜኑ መንገደኛ ሌሊቱን ሙሉ በደረቅ ቁጥቋጦና በተቃጠለ ሜዳ ላይ ሲበር አድሮ ጎሕ ሲቀድ ያችን አረንጓዴ ሰንበር ከላይ ቢያያት ምን እንደሚሰማው ለመገመት ገጣሚ መሆን አያስፈልግም።

በዚህ ማረፊያ ሁሉም እንግዳ በአንድ ገበታ አይቀመጥም። ታላላቆቹ የሾላ ዛፎች ፍሬያቸውን ከግንዱና ከቅርንጫፉ ላይ ያንዠረግጋሉ። እንግሊዞች ብላክካፕ የሚሏት፤ ወንዱ በራሱ ላይ ጥቁር ቆብ የደፋ የሚመስል ወፍ እንዲህ ያለውን ፍሬ ትወዳለች። ዊሎው ዋርብለር በግራሩ ጫፍ ከቅጠል ወደ ቅጠል እየዘለለች ጥቃቅን ትሎችን ትለቅማለች። ጅራቷን ከፍ ዝቅ የምታደርገው ሆደ ቢጫ ወፍ ደግሞ ከብት በተሰማራበት ሜዳ ከላሞቹ እግር ሥር የሚነሣውን ትንኝ ታሳድዳለች። ሹካ ጅራቷ ጨረባ በሐይቁ ላይ ዝቅ ብላ እየበረረች አየር ላይ ያለውን ትቀልባለች። አንዱ የሌላውን ማዕድ ስለማይነካ በጥቂት ኪሎሜትር ውስጥ ብዙ ሺህ እንግዳ ሊስተናገድ ይችላል።

ከእነዚህ እንግዶች አንዳንዶቹ በጋውን እዚሁ በኢትዮጵያ ይከርማሉ። ሌሎቹ ግን ስንቃቸውን ሞልተው ወደ ኬንያ፤ ወደ ታንዛኒያና ከዚያም ወዲያ ይቀጥላሉ። ለእነርሱ የኢትዮጵያ ምድር የጉዞው መጨረሻ ሳይሆን እኩሌታው ነው።

ወፍ እንደ አገሩ ብቻ አይጮኽም

«ወፍ እንደ አገሩ ይጮኻል» የሚለውን ተረት ያውቁታል። ይህን ተረት የሚያፈርስ አንድ መንገደኛ አለ፤ ማርሽ ዋርብለር ይባላል። በአውሮፓ በወንዝና በኩሬ አጠገብ በሚገኝ ረጅም ሣርና ጥሻ ውስጥ ይራባል፤ በበልጋቸው ተነሥቶ ወደ ሱዳንና ወደ ኢትዮጵያ ይመጣል፤ በዚህም ለሳምንታት፤ አንዳንዴም ሁለት ወር ያህል ይሰነብታል። ከዚያ በኋላ ዝናሙ ወደ ደቡብ ሲሄድ ተከትሎት እስከ ደቡባዊው አፍሪካ ይወርዳል።

ይህ ወፍ በሚሰነብትበት አገር ሁሉ የባለ አገሮቹን ወፎች ድምፅ ይቀስማል። ፍራንስዋዝ ዳውሴት ለሜር የተባሉ ሴት ተመራማሪ በቤልጅግ አገር የወንዶቹን ዝማሬ በጥንቃቄ አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1979 አሳትመዋል። አንድ ማርሽ ዋርብለር በአማካይ የ76 ዐይነት ወፎችን ድምፅ እንደሚያስመስል፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት የአፍሪካ ወፎች እንደሆኑ አረጋገጡ። ከዝማሬው በመነሣትም ወፉ የት የት እንደ ሰነበተ ለመገመት ተቻለ። እንግዲህ በብራስልስ አቅራቢያ በግንቦት ወር መስኮቱን ከፍቶ የወፍ ድምፅ የሚሰማ ሰው፤ ሳያውቀው የአፍሪካን ቆላ ይሰማል ማለት ነው። ማረፊያው ለመንገደኛው ስብ ብቻ ሳይሆን ዘፈንም ይሰጠዋል።

አንድ ማደሪያ ሲጎድል

ማረፊያ ቢጎድል ምን ይሆናል? ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስልዎት አንድ የተመዘገበ ነገር እንንገርዎት። እ.ኤ.አ. በ2011 በአፍሪካ ቀንድ ብርቱ ድርቅ ደርሶ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ተቸግሮ ነበር። በዚያው ዓመት በሰሜን አውሮፓ ወፎችን የሚመዘግቡ ሰዎች ሬድ ባክድ ሽራይክና ትራሽ ናይቲንጌል የሚባሉት ሁለት ዐይነት ወፎች ከልማዳቸው ዘግይተው መምጣታቸውን አስተዋሉ። የዴንማርክና የስዊድን ተመራማሪዎች ቀደም ብለው በአንዳንዶቹ ጀርባ ላይ ጥቂት የብርሃን መመዝገቢያ መሣሪያ አስረው ስለነበረ ምክንያቱ ተገለጠ። ወፎቹ በመመለሻ ጉዟቸው በአፍሪካ ቀንድ ለማረፍ ወርደው፤ ምድሩ ስለ ደረቀ ስንቃቸውን ለመሙላት ከሌላው ዓመት የበለጠ ብዙ ቀን ፈጅቶባቸው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 በታወቀ የሳይንስ መጽሔት ታትሟል።

ያ የሆነው በመመለሻው ነው፤ በመምጫውም ሕጉ ያው ነው። በአፍሪካ ቀንድ ትል ሲጠፋ በዴንማርክ የወፍ ጎጆ ይዘገያል። ድርቅን ማስቆም ከእኛ ዐቅም በላይ ሊሆን ይችላል። ጥሻ መመንጠር ግን በእጃችን ያለ ነገር ነው።

በአርባ ምንጭ የኖረ ሰው እንደሚያውቀው፤ ከደኑ እንጨት ለቅመው በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወጡ እናቶችና ልጆች በየቀኑ ይታያሉ። እነርሱን መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍርድ ግን አይደለም። ያቺ ሴት የተሸከመችው የዕለት ራቷን ነው። የከተማው ሕዝብ ምጣዱን የሚያሰማበት ሌላ ማገዶ ካላገኘ እርሷ ብትቀር ሌላዋ ትሄዳለች። ስለዚህ የወፊቱ ነገር ከምድጃው ነገር ተለይቶ አይታይም፤ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃና በየግቢው የሚተከል የማገዶ ዛፍ ለኩልፎ ደን ከብዙ ስብከት ይልቅ ይጠቅሙታል።

ደግሞም ይህ ደን የወፎች ብቻ አይደለም። የአርባ ምንጭ ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ ከእነዚያው ምንጮች የተቀዳ ነው። የደኑ ጥላ ምንጩን ይጠብቃል፤ ምንጩ ደኑን ያጠጣል። ከፖላንድ የመጣችው ወፍና ከሲቀላ ሠፈር የመጣችው ውሃ ቀጂ በአንድ ዕቃ ይጠጣሉ ብንል አልተሳሳትንም። የጋሞ ደጋ ሽማግሌዎች ይህን ነገር ከጥንት አውቀውት ኖሯል፤ ምሳር የማይነካቸው የተከበሩ ደኖች በደጋው ላይ አሏቸው። በየኮረብታው የቀሩት እነዚያ ትናንሽ ደኖች ለመንገደኛ ወፍ በሁለት መናኸሪያዎች መካከል እንዳለች ሻይ ቤት ናቸው።

እርስዎ ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

ተማሪ ከሆኑ ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት በትንሽ ደመወዝ የሚሠሩ ከሆኑ «እኔ ምን ዐቅም አለኝ?» ይሉ ይሆናል። የሚጠየቀው ነገር ቀላል ነው።

በመጀመሪያ ይመልከቱ። ከመስቀል እስከ ኅዳር ባሉት ሳምንታት አንድ ቀን ማልደው ይነሡና ፀሐይ ሳትበረታ በኩልፎ ድልድይ አጠገብ ወይም በሚኖሩበት አገር ባለ ወንዝ ዳር ጸጥ ብለው ይቁሙ። ዐይንዎን ቅጠል በሚነቃነቅበት ላይ ያሳርፉ። ነፋስ ሳይኖር የሚነቃነቅ ቅጠል ካዩ እንግዳዎ እዚያ አለ።

ሁለተኛ ይጻፉ። ቀኑን፤ ስፍራውን፤ የወፊቱን መልክና ሥራ በአንድ ደብተር ላይ ያስፍሩ። ዛሬ ስለ ወፎች ጉዞ የምናውቀው ብዙ ነገር የተገኘው በእንዲህ ያለ ትዕግሥት ነው። በወፍ እግር ላይ ቁጥር ያለበት የአሉሚኒየም ቀለበት አድርጎ መልቀቅን በሥርዐት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1899 በዴንማርክ አገር ቪቦርግ በምትባል ከተማ ይኖር የነበረ ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የተባለ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አለ።

ሦስተኛ አያባርሩ፤ ሲያባርሩም ዝም ብለው አይለፉ። በወንጭፍ የሚጫወተውን ታናሽ ወንድምዎን ወፊቱ ከየት እንደ መጣች፤ ለምን እንደ ከሳች፤ አንጀቷም ገና እንዳልጠና ይንገሩት። ልጅ ታሪክ ይወዳል፤ ታሪኳን ያወቀውን ወፍ ለመምታት እጁ አይፈጥንም። በግቢዎ አጥር ላይ ያለውን ቁጥቋጦም ቢቻል እስከ ኅዳር ድረስ ሳይመነጥሩት ይቆዩ። በቆሻሻ የሚጣል ጣሳም ቢሆን ውሃ ተሞልቶ ከድመት ራቅ ባለ ስፍራ ቢቀመጥ ለአንድ መንገደኛ ይበቃል።

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ከዚህች ወፍ ይልቅ ተረቱ የተፈጸመበት ፍጥረት የለም፤ ከዕንቁላል ወጥታ ሦስትና አራት ወር ሳይሞላት፤ መንገዱን የሚያሳያት እናትም አባትም ሳይኖር፤ ከአንዱ ማደሪያ ወደ ሌላው እያለች አህጉር ታቋርጣለች። በዚህ ዓመት መስከረም ሲጠባ ከመካከላቸው አንዷ ሌሊቱን በርራ ጎሕ ሲቀድ እርስዎ ከሚኖሩበት አጠገብ ትወርድ ይሆናል። በዚያች ጠዋት የምትፈልገው ጥቂት ቅጠል፤ ጥቂት ውሃና ጥቂት ጸጥታ ነው።